በሰኔ የሞተው ኮምፒውተር

አሶሳ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለእትዬ ለተማርያም በቃሉ
ሻርጃ

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ነጠላሽን አዘቅዝቂ። ሰላምታዬን በወጉ ሳላደርስ የምጽፍልሽ ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ ነው።

በቤታችን ጥጋቸውን ይዘው ለብዙ ዘመን የኖሩት፣ ሲጠሯቸው ቶሎ የማይሰሙት፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው፣ ቢሆንም የሁላችንም መመኪያ የነበሩት አንጋፋ ሽማግሌ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሕመማቸው የቆየ ነበር። መጀመሪያ ማጓራት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሰውነታቸው ጋለ፤ በመጨረሻ ሁለት ጊዜ አቃሰቱና ፊታቸው ጠቆረ። ደረታቸውን ብንደባብስ፣ ጀርባቸውን ብንመታ፣ አልመለስ አሉ። እናቴ ነጭ ጨርቅ አለበሰቻቸው። ጎረቤቱም «ዕድሜ ጠግበዋል፣ እናንተን ያቆይ» ብሎ ሄደ። እንባዬ ወረቀቱን ስላበላሸው ይህን ገጽ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ገጽ ሁለት

ሃ ሃ ሃ! እትዬ፣ ኮምፒውተሬ ነው! እንባውም የጆግ ውሃ ነው፤ በጣቴ ነው የረጨሁት። ፊትሽን ባየሁት!

ያ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ነው የሞተው። ቁልፉን ስጫነው ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የሞተብኝ ደግሞ በክፉ ጊዜ ነው። ማትሪክ ያመጣሁትን ነጥብ ለጠላትም አልናገርም፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ዓመቱን ሙሉ ቤት ተጎልቼ እናቴን ሳስቅና ሳናድድ ከረምኩ። አሁን ኮሌጅ ተቀበለኝ! ጥቅምት ላይ እጀምራለሁ፤ የቤት ፕላን መንደፍ ነው የምማረው። ንድፉ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ለአራት ተማሪ አንድ ነው የሚደርሰው። ሦስቱ የአንዱን ማጅራት እያዩ ይማራሉ ማለት ነው። እኔ ማጅራት አይቼ ተምሬ ነው ማትሪክ ላይ የወደቅሁት።

ስለዚህ ክፍል ክፍሉን እዚያ ከአሮጌ ዕቃ ሰፈር ብትልኪልኝ፣ እኔ እዚህ እገጣጥመዋለሁ። ስሚ። ፕሮሰሰር ጭንቅላቱ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ ይሁን፣ ከስድስተኛ ጀነሬሽን በታች አትቀበይ። ማዘርቦርዱ የጭንቅላቱ መቀመጫ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እንደ አማትና ምራት አንድ ቤት አያድሩም። ራሙ የሥራ ጠረጴዛው ነው፤ ስምንት ጊጋ ይበቃዋል። ለፋይል ማስቀመጫው ሃርድ ዲስክ አልፈልግም፣ ኤስኤስዲ ይሁን፤ ትንሽም ብትሆን ፈጣን ናት። ሌላው ሁሉ አሮጌ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ፓወር ሰፕላዩ ግን አዲስ ይሁን፤ እዚህ መብራት ስትሄድም ስትመጣም ደህና ዋሉ አትልም። ቪዲዮ ካርድ ቢገኝ ደግሞ ለንድፉ ጥሩ ነው። ለጌም አይደለም። (ለጌም ነው።)

አባባ በቃሉ አምባ ናቸው፣ በሰፈራ መንደራቸው፣ ዘር ላይ። የሁልጊዜዋን ሁለት መስመር አልጻፉልሽም፤ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አምባ አልሄድም አለ፣ እኔም እንደ ባጃጁ። ለገና ትመጪ የለ? ያኔ ፊት ለፊት ይጽፉልሻል። ከሰባት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ሲያዩ የደነቆረው ጆሯቸው ራሱ ይከፈት ይሆናል።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ዐዋጢፍ ናት፣ የሆሞሻዋ፣ ሽቶና ቶብ የሚባለውን የሱዳን ልብስ ልታመጣ እዚያ የምትመላለሰው ነጋዴ። ዕቃውንም ለእሷ ስጫት።

የእህትሽ ልጅ
ነብዩ

---

ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለነብዩ

የማርያም ጥላ ከላያችሁ አይለይ። ለእህቴ ለትዕግሥት፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ማዳም ኩሽና ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት በማግስቱ ነው። ቀልድህን አይቻለሁ። ድሮም ቀልደኛ ነህ።

ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ከሔለን ጋር አሮጌ ዕቃ ሰፈር ሄድን። ሔለን ከታችኛው ፎቅ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት። ሻጩ ወረቀትህን አገላብጦ አየና ሳቀ። ፕሮሰሰሩን እንዳልከው ስድስተኛውን ገዛሁ። ማዘርቦርድ ሁለት አሳየኝ፤ ሁለቱም ለዓይኔ አንድ ናቸው፤ የረከሰውን ወሰድኩ። ራሙንም ያልከውን ያህል ወስጃለሁ። ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ሳጥን፣ ኬዝ የሚሉትን፣ ሊሰጠኝ ነበር። ጥቁሩን መረጥኩ። ለጊዜው ጥቁር ይሻላል። ቀሪውን በሚቀጥለው እልካለሁ።

በርትተህ ተማር። አባቴ የሚማር ሰው ይወድ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ዕለት እኛን ልጆቹን ቁጭ አድርጎ የስኳር ከረጢት ላይ የተጻፈውን ያነበበልን አይረሳኝም።

ስልክ ደውዬ ነበር። እናትህ «ደህና ናቸው፣ አምባ ናቸው» አለችኝ። የሔለን እናት ካረፉ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ «ጸበል ናቸው» ይሏት ነበር። ፎቶ እንኳ ልከውላታል፣ የድሮ ፎቶ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አባቴ በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ
ለተማርያም

---

አሶሳ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታላቋ የኮምፒውተር ሊቅ ለእትዬ ለተማርያም

ክረምቱ በምሕረት ይለፍልሽ፤ ብልም እዚያ ክረምት የለም አሉ። እንግዲያው ሙቀቱ ይማርሽ።

ዕቃው በደህና ገባ። እጅሽ ይባረክ። አሁን ደግሞ እጅሽን ልቆንጥጠው ነው። እትዬ፣ ፕሮሰሰሩ የስድስተኛ ነው፣ ማዘርቦርዱ ግን የአራተኛ! አይቀመጥበትም። ገበያው በር ላይ ለሚጠግነው ለዋሊድ አሳየሁት። «ይህ ጋብቻ በሸሪዓም በቤተ ክርስቲያንም አይፈቀድም» አለ። «የረከሰውን ወሰድኩ» አልሽ? ማዘርቦርድ ሽንኩርት ነው እንዴ? መልሼ ልኬዋለሁ፤ የስድስተኛውን አስለውጪ። ሻጩ እንቢ ካለሽ እኔ ያስተማርኩሽን ለቅሶ አልቅሺበት።

ኬዙስ ምንድን ነው? የሚያበራውን ትተሽ ጥቁር? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? የክፍሌ ልጆች ሲያዩት ቁጭ ብለው የሚያስተዛዝኑኝ ነው የሚመስለኝ።

ኤስኤስዲና ፓወር ሰፕላይ ቀርተዋል። ቪዲዮ ካርዱንም አስቢበት። ምዝገባው ደርሷል፣ ፍጠኝ።

እናቴ «ለተ ስልክ ላይ ድምጿ ተሰበረብኝ፣ ምን ሆና ነው?» ትላለች። ናፍቆት ነው አልኳት። ስትመጪ ይለቅሻል።

የጠየቅሽውን ይኸው አባባ ጽፈውልሻል። ሁለት መስመር ብለሽ አራት ሰጡሽ፤ ትርፉን አስቀምጪው።

ነብዩ

«ለልጄ ለለተማርያም። እኔ በጣም ደህና ነኝ።
እጅግ ናፍቀሽኛል፣ በየቀኑ ስምሽን እጠራለሁ።
ነብዩ ጎበዝ ልጅ ነው፣ የጠየቀሽን ላኪለት።
አባትሽ በቃሉ።»

---

ሻርጃ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነብዩ

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንላችሁ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር በለኝ፤ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

አልተቆጣሁህም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

አባቴ በዕድሜው «ናፍቀሽኛል» ብሎኝ አያውቅም። ሰባት ዓመት የጻፈልኝን ሁሉ በፌስታል አስሬ አስቀምጫለሁ። ዝናቡ ዘገየ። ምስጥ ማሽላውን ጀመረው። ማንጎው ዘንድሮ አበባውን አራገፈ። ሌላ ነገር የለበትም። ናፍቆቱን የማገኘው ዝናቡ ውስጥ ነበር። ያቺን ወረቀት ሳያት ወዲያው አወቅሁ።

የእኔ ነገር አሳስቧችሁ እንደሆነ ይገባኛል። መርዶ በንጋት ነው፤ ሽማግሌዎች በር አንኳኩተው፣ ሰው ደግፎህ፣ ይነግሩሃል። እኔ እዚህ በንጋት በሬን የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለኝም። እናንተም ማንን ትልካላችሁ? ስለዚህ ለአንተ ሰጡህ፣ አንተም በቀልድ ጠቅልለህ አረዳኸኝ። ጨዋታ የሚወድ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን መንገድ አለው? የኮምፒውተሩን ነገር ሳነብ «ይህ ልጅ እንዴት ተጨነቀ» ብዬ ለአንተም አለቀስኩ።

ሔለንና ሌሎች ልጆች ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። ፀጉሬን ቆረጥኩ። ማዳምም ደግ ናት፣ አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አላዘዘችኝም።

ለገና ብዬ ለቲኬት ያስቀመጥኩት ብር ነበር። አሁን ለማን ልመጣ? ማዳም «ውሉን ለሁለት ዓመት እናድሰው» ስትለኝ ከርማለች። ፈረምኩ። በቲኬቱ ብር የአንተን ኮምፒውተር ጨረስኩት። በዚህኛው ጊዜ አልተሞኘሁም። ሻጩን «አንድ በአንድ አስማማና ፊቴ አብራልኝ» አልኩት። ፕሮሰሰሩ አሥራ ሁለተኛ ነው፣ አዲስ ነው። ማዘርቦርዱ የራሱ ነው። ራሙ አሥራ ስድስት ነው። ኤስኤስዲ አለው፣ ፓወር ሰፕላዩ ከነካርቶኑ ነው፣ ቪዲዮ ካርዱም አለ። ኬዙን የሚያበራውን አድርጌልሃለሁ። ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ተማርበት። ንድፉን ስትችል በመጀመሪያ የአባቴን ቤት ንደፈው። ቆርቆሮው በምሥራቅ በኩል ያፈስ ነበር።

አክስትህ
ለተማርያም

---

አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ለተማርያም

በስልክ «እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጻፍልኝ» ስላልሽ ነው የምጽፈው። ምርቃት የምጀምርበት አፍ የለኝም። አንቺ ጤና ሁኚ፣ ሌላው ይቆየን።

ዐዋጢፍ ካርቶኖቹን ይዛ የመጣች ቀን በር ላይ ተቀበልኳት። ካርቶኑን እየነጠቅሁ ስጨፍር ቆማ ታየኛለች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «አክስትህ ፀጉሩ ቆርጧል። ጥቁር ለብሷል። ወላሂ በጣም ከስቷል። ማን ሞተ?»

«ኮምፒውተር!» አልኳትና ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። ደብዳቤሽን ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ካርቶኑን አልከፈትኩትም፤ እናቴን እንኳ ሳልነግራት ወደ ባጃጅ ተራ ሮጥኩ። ሂርጳ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው የወሰደኝ። በመስታወቱ ያየኛል።

«ምን ሆነሃል? ሰው ሞተብህ?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ደብዳቤሽን እስከ አምባ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሰዓት ነው የፈጀብን፣ እትዬ። አንድ ሰዓት። በነሐሴ ያቺን ወረቀት በአባባ ስም ቁጭ ብዬ ስጽፍ የፈራሁት መንገድ ይኸው ነው። ዐዋጢፍ በማግስቱ ልትሄድ ነው፣ ምዝገባ ደርሷል፣ ጭቃ ነው፣ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደግሞ ቆንጆ አድርጌ የጻፍኩልሽ መስሎኝ ነበር። «ናፍቀሽኛል» ስል ደስ ይላታል ብዬ ነው። አባባ እንደዚያ እንደማይሉ እኔ አላውቅም ነበር፤ ደብዳቤዎቻቸውን ሳጥፍልሽ አንድም ቀን አንብቤያቸው አላውቅም።

ማሽላው ውስጥ አገኘኋቸው፣ ወፍ እየጠበቁ። ወንጭፉን አስቀምጠው «ምነው፣ እናትህ ደህና?» አሉኝ። ብጮህ አይሰሙኝም። እንደምታውቂው ለእሳቸው ሁሉም ነገር በወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ አልያዝኩም። የዘር ማዳበሪያ ከረጢት ቀድጄ፣ ከሂርጳ እስክሪብቶ ለምኜ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፦ «አባባ፣ እርስዎ ሞተዋል ብዬ ለእትዬ በቀልድ ጽፌ አመነች።»

በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«መቼ ነው የሞትኩት?» አሉ።

«በሰኔ» ብዬ ጻፍኩ።

«በሰኔማ እየዘራሁ ነበር!»

ሂርጳ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ከረጢቱን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አለቀሰች?» አሉኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። አልጻፍኩም። ከረጢቱን ከእጄ ተቀበሉኝና ወንጭፉን ማሽላው ላይ ጥለው ወደ ባጃጁ ሄዱ። ወፉን ማን ይጠብቅልዎ ብዬ በእጄ ባመለክት «ይብላ» አሉ።

ሌላውን አየሽው። የተገናኘነው በዋሊድ ሱቅ ኢንተርኔት፣ በስልክ ቪዲዮ ነው፤ አምባ መስመር እንደሌለ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትጮሂ ከገበያ ሰው ተሰበሰበ። አባባ አንድም ቃል አልሰሙሽም፤ ፀጉርሽን ብቻ ነው የሚያዩት። በጣታቸው የስልኩን መስታወት ሲነኩት ምስሉ ጠፋ፣ ዋሊድ መለሰው፣ ደግመው ነኩት፣ ደግሞ ጠፋ። ያን ጊዜ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ያሉሽን ሰምተሻል። አንቺ በሳቅ ነው ወይስ በልቅሶ የተንሰቀሰቅሽው፣ እኔ መለየት አልቻልኩም።

ያላየሽውን ልጻፍልሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ለገና ነው የምትመጣው፣ አይደል?» አሉኝ። ዋሊድ የሰጠኝ የደረሰኝ ጀርባ ላይ «ፈርማለች። ከሁለት ዓመት በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲህ እስከዚያ መሞት አይፈቀድልኝም። ብሞትስ አሁን ማን ያምናል?» አሉ። እኔን ሊያስቁኝ ነው። እትዬ፣ ቀልድ ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ገባኝ፤ እሳቸው ግን በእኔ ላይ አልቀለዱም፣ በራሳቸው ላይ ነው።

አዲሱን ኮምፒውተር ልሽጠውና ብሩን መልሼ ልላክልሽ አልኩ። እናቴ ከሰማች ወዲህ አታናግረኝም፣ በዚህ ግን ተስማማች። አባባ እንቢ አሉ። «የላከችው ልጄ ናት፤ ይማርበት። ሸጦ ቢልክላትስ ማዳሟ ፊርማውን ትሰርዘዋለች?» አሉ። አንቺም በስልክ ያልሽው ይኸንኑ ነው። ፓስፖርትሽ እሷ ጋ ነው፣ ውሉም ውል ነው። እኔ አንብቤ የማላውቀው ዓይነት ወረቀት።

ስለዚህ እየተማርኩበት ነው። መብራቱን ግን አጥፍቼዋለሁ፤ ቀይና ሰማያዊ ሲያበራ ፀጉርሽ ይታየኛል። የክፍሌ ልጆች «ይሄ አውሬ ነው፣ ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል። «ከቲኬት» አልላቸውም። ቪዲዮ ካርዱም ተሰክቷል። ጌም አልጫንኩበትም። ይህን እንኳ እመኚኝ፤ ከዚህ በኋላ እመኚኝ ማለት ለእኔ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መደበቅ ምን እንደሚያመጣ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አሮጌውን ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር አውጥቼ ለዋሊድ ወሰድኩለት፤ ውስጡ የቀሩ ፎቶዎች ስላሉ ሃርድ ዲስኩን እንዲያወጣልኝ ብዬ ነው። ክዳኑን ከፈተ። ሃርድ ዲስኩን አልነካም። ራሟን ነቅሎ ወደ ብርሃን ያዛት። ከዚያ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና በጫፉ ባለችው ላጲስ የራሟን ጥርስ ፈተግ ፈተግ አደረገ። እፍ አለባት። መልሶ ሰካት። ቁልፉን ተጫነ።

በራ።

«ይቺ ናት የሞተችው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አልሞተችም። አቧራ ነው። በሰኔ ብታመጣት በሰኔ አበራልህ ነበር።»

ስንት ልክፈል አልኩት። «ለዚህ ሰው አይከፈልም» አለኝና ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመረ።

አንቺ ፀጉርሽን የቆረጥሽለት፣ አባባ ወፉን የተዉለት፣ ሁለት ዓመት የሄደለት ነገር ይኸው ነው፣ እትዬ። በላጲስ የሚጠረግ አቧራ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ትንሽ ነገር ነበር።

ነብዩ